የጋራ ፎልደሩ በማን አካውንት ነው?

በግንቦት ወር ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው ሦስት ዓይነት ደንበኛ ያገኛል። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ መጥቷል። ሁለተኛው ስልኩን እያሳየ «በቴሌግራም ልላክላችሁ?» ይላል። ሦስተኛዋ የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የጂሜይል ፓስወርዷን እየጻፈች ነው። የሦስቱም ሥራ ታትሞ ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ፍላሹ ፋይሎችን ደብቆ በሾርትከት የሚተካ ቫይረስ ይዞ ወደ ቤት ይመለሳል፤ በቴሌግራም የተላከው ጽሑፍ ኮፒ ቤቱ አካውንት ውስጥ ይቀራል፤ የልጅቷ ጂሜይል ደግሞ ሳትወጣበት ከሄደች ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጥ ሁሉ ክፍት ነው።

ስለ ክላውድ ማስቀመጫ፣ ማለትም ፋይል በኢንተርኔት ስለሚቀመጥበት አገልግሎት፣ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ በነፃ ይሰጣል?» ብሎ ነው። መልሱ አጭር ነው። ጉግል 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ይህንን ድራይቭ፣ ጂሜይልና ጉግል ፎቶስ ይካፈሉታል። ሜጋ 20፣ ዋንድራይቭና አይክላውድ 5፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋባይት ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ ያለው በክፍያ ነው። ክፍያው በዶላር ስለሚታሰብና ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ስለሚጠይቅ እዚህ ያለው ተጠቃሚ በአብዛኛው በነፃው ይብቃቃል።

ነገር ግን «ፋይሌ ጠፋ» የሚል ሰው ጉዳይ ሲመረመር ምክንያቱ የቦታ ማነስ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜ ፋይሉ አለ። ያለው ግን ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ፣ ተመርቆ የሄደ ተማሪ ወይም ሲም ካርዱ የተዘጋበት ሰው አካውንት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከጊጋው በፊት ፋይሉ በማን ስም እንደተቀመጠ ማየት ይበጃል።

ባለቤቱ የጫነው ሰው ነው

አምስት ተማሪዎች ለጥናት ተቧደኑ እንበል። አንዷ ድራይቭ ላይ ፎልደር ትከፍትና ለአራቱ የኤዲተር ፈቃድ ትሰጣለች። ሁሉም የሰበሰቡትን መጠይቅ፣ የቃለ መጠይቅ ድምፅና የመስክ ፎቶ እዚያው ይጭናሉ። ፎልደሩ የእሷ ስለሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ የእሷ ይመስላል። በጉግል ድራይቭ የግል አካውንት አሠራር ግን የፋይሉ ባለቤት የጫነው ሰው ነው፤ ቦታውም የሚቆጠረው ከእሱ 15 ጊጋ ላይ ነው። ይህ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ «ቦታ ሞላብኝ» ብሎ የራሱን ፋይሎች ጠራርጎ ቢያጠፋ ከአምስቱም ይጠፋል። አካውንቱን ቢዘጋውም ያው ነው።

ዋንድራይቭ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በተጋራ ፎልደር ውስጥ የገባ ፋይል የፎልደሩ ባለቤት ንብረት ይሆናል፣ ቦታውንም ከእሱ ላይ ይወስዳል። ድሮፕቦክስ ደግሞ የተጋራውን ፎልደር ከእያንዳንዱ አባል ኮታ ላይ ይቆጥራል። ስለዚህ 2 ጊጋ ብቻ ያለው ሰው 3 ጊጋ ቪዲዮ ወዳለበት ፎልደር ቢጋበዝ መቀላቀል አይችልም። ብዙ ሰው ይህን የአገልግሎቱ ብልሽት ይመስለዋል።

ድራይቭ ላይ ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ኤዲተር የሆነ ሰው የሌላውን ፋይል ከጋራው ፎልደር ሲያወጣው ፋይሉ አይሞትም፤ ከፎልደሩ ብቻ ይወጣና ባለቤቱ ዘንድ ያለ ማደሪያ ይቀራል። ስለዚህ ከቡድኑ ፎልደር አንድ ነገር ሲሰወር መጀመሪያ የጫነውን ሰው «በስሙ ፈልገው» ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ባለቤትነት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ግን የሚያስቸግር ደረጃ አለው። በኮምፒውተር ድራይቭን ከፍቶ ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ ማድረግ፣ ሼር የሚለውን መክፈት፣ ፋይሉ ቀድሞ ከተጋራቸው ሰዎች መካከል ከተቀባዩ ስም ጎን ያለውን የፈቃድ ዝርዝር አውርዶ ትራንስፈር ኦነርሺፕ የሚለውን መምረጥ። ተቀባዩ ኢሜይል ይደርሰዋል፤ እሱ «ተቀብያለሁ» እስካላለ ድረስ የተላለፈ ነገር የለም። ሰው የሚሸወደው ቀጥሎ ነው፦ ፎልደሩን ማስተላለፍ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች አያስተላልፍም። ፎልደሩ ውስጥ ገብቶ ፋይሎቹን በሙሉ መርጦ ሥራውን መድገም ያስፈልጋል፤ ያውም የሚሠራው አስተላላፊው የራሱ በሆኑት ላይ ብቻ ነው። ከተቋም አካውንት ወደ ግል ጂሜይል ደግሞ ጭራሽ ማስተላለፍ አይቻልም። በዩኒቨርሲቲ ወይም በመሥሪያ ቤት ኢሜይል የሚሠራ ሰው ከመውጣቱ በፊት ፋይሎቹን ማውረድ አለበት፤ አካውንቱ ከተዘጋ በኋላ የሚያወርደው የለውም።

አቋራጭ መንገድም አለ። «ሜክ ኤ ኮፒ» በሚለው ትዕዛዝ የተገለበጠ ፋይል ባለቤቱ የገለበጠው ሰው ነው። ቡድኑ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ሰው ፋይሎቹን መርጦ ኮፒ ቢያደርግ የራሱ የሆነ ሙሉ ስብስብ ይይዛል። ድረ ገጹ ላይ ፎልደር እንዳለ ኮፒ ማድረግ ስለማይቻል ፋይሎቹን መምረጥ የግድ ነው።

ለአነስተኛ ድርጅት መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ልማዱ ነው። አረብ ሰፈር ያለች የሕንፃ መሣሪያ መሸጫም ትሁን ፒያሳ ያለ የሒሳብ ቢሮ፣ ለድርጅቱ አንድ አካውንት በድርጅቱ ስም ይከፈታል። ለኮድ መቀበያ የሚመዘገበው ስልክ የድርጅቱ ይሆናል፤ ፓስወርዱን ሁለት ሰው ይይዘዋል፤ ዋናው ፎልደር እዚያ ይቀመጣል። ሠራተኛ በግል ጂሜይሉ ይጋበዛል፣ ሲለቅ ስሙ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። የመጨረሻ ሰነዶች ግን በድርጅቱ አካውንት ይጫኑ ወይም ኮፒ ይደረጉ። አሁን በብዙ ቦታ የሚታየው ተቃራኒው ነው፦ ጸሐፊዋ በራሷ ጂሜይል፣ በራሷ ስልክ ቁጥር የከፈተችው ፎልደር ዓመት ሲሞላው የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ሆኖ ይገኛል።

ቴሌግራም ማስቀመጫ ሲሆን

ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል፣ በጠቅላላ መጠን ላይ ምንም ገደብ የሌለበት፣ በደካማ ኔትወርክም የሚሠራ አገልግሎት ስለሆነ ሰው ሴቭድ ሜሴጅስን ሣጥኑ ቢያደርገው አይፈረድበትም። ከድራይቭ ይልቅ ቴሌግራም የሚቀናው ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ባለቤትነቱ ላይ ነው። በሁለት ሰው ቻት ውስጥ አንዱ ወገን የትኛውንም መልእክት፣ የሌላውንም ጭምር፣ ከሁለቱም በኩል ማጥፋት ይችላል። አማካሪህ የላከልህ የታረመ ምዕራፍ እሱ ቻቱን ባጸዳ ቀን ከአንተም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። ቅንብሩ ውስጥ ባለው ጊዜ ልክ ሳይከፈት የቆየ አካውንት ራሱን ያጠፋል፤ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አካውንቱ በስልክ ቁጥር የተመሠረተ ስለሆነም ሲሙን ያጣ ሰው አዲስ ስልክ ላይ መግባት ይቸግረዋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች በአገሪቱ ተገድበው በነበረ ጊዜ ፋይላቸውን እዚያ ብቻ ያስቀመጡ ሰዎች የገዛ ሰነዳቸውን ለማግኘት ቪፒኤን ሲፈልጉ ከርመዋል።

ለማስተላለፊያ ጥሩ ነው፤ ለዚያ ይዋል። ፎቶ ሲላክ «እንደ ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ በተራ መንገድ የተላከ ፎቶ ተጨምቆ ስለሚደርስ ስልክ ላይ ቢያምርም ለሕትመት አይሆንም። የደረሰ ሰነድም ዋጋ ያለው ከሆነ በዚያው ቀን ወርዶ ወደ ራስ ፎልደር ይግባ።

ሊንኩ የት ይደርሳል?

«ሊንኩ አይከፈትም» የሚለው ቅሬታ መነሻው ሁለት ነው። አንደኛው ፋይሉ ሪስትሪክትድ ላይ መተው ነው፤ በስሙ የተጋበዘ ብቻ ይከፍተዋል። ሁለተኛው ተጋባዡ ስልኩ ላይ ሁለት ሦስት ጂሜይል ኖሮት በተጋበዘው ሳይሆን በሌላው መግባቱ ነው። ሁለተኛውን ለመለየት የድራይቭን መተግበሪያ ከፍቶ ከላይ በቀኝ ያለውን ምስል መንካትና የትኛው ኢሜይል እንደሆነ ማየት በቂ ነው። ሰው ግን አይታገሥም፤ ላኪው ተሰላችቶ «ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ» ላይ ያደርገዋል፤ ከዚያ አልፎ ኤዲተር ያደርገዋል። ሊንኩ ወደ ክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ግሩፕ ይተላለፋል፣ ሰንጠረዡ ላይ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ይገባና የሰው ውጤት ይቀይራል።

ለብዙ ሰው የሚሰራጭ ነገር ቪወር ላይ ብቻ ይሁን። አስተያየት የሚፈለግ ከሆነ ኮሜንተር አለ፤ ማስታወሻ ይጽፋል እንጂ ጽሑፉን አይነካም። ኤዲተር በስም ለተጋበዘ ሰው ብቻ ይሰጥ። በሼር መስኮቱ ውስጥ ባለው የቅንብር ምልክት ተመልካቾች እንዳያወርዱ፣ እንዳያትሙና ኮፒ እንዳያደርጉ ማድረግ ይቻላል፤ ስክሪን ሾት ግን የሚያግደው የለም።

ፈቃድ ከፎልደር ወደ ውስጡ ይወርዳል። ይህን መርሳት በጣም ያስከፍላል። ለጨረታ ሰነድ ተብሎ በሊንክ የተከፈተ ፎልደር ውስጥ ከወር በኋላ የሠራተኞች የፋይዳ መታወቂያ ስካን ቢገባ፣ የድሮው ሊንክ የደረሰው ሰው ሁሉ መታወቂያዎቹን ያያል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ከቸልተኝነት አልፎ ሕግ የሚያስጠይቅ ጉዳይ ሆኗል። የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥበቃ ከሚሰጣቸው ውስጥ ስለሆነ ክሊኒኮች የታካሚ ካርድ ፎቶ በሊንክ ከመላክ ቢቆጠቡ ይሻላቸዋል። ለስሱ ሰነድ የሚሆነው አካሄድ የተለየ ፎልደር፣ በስም የተጋበዘ ተቀባይ፣ ጉዳዩ ሲያልቅም ፈቃዱን መንጠቅ ነው። ፈቃድ በራሱ ጊዜ እንዲያበቃ ማድረግ በነፃው አካውንት ስለማይገኝ ስልክ ላይ ማስታወሻ መሙላት ያስፈልጋል።

42 ጊጋ በስንት ሰዓት ይጫናል?

ጥር ላይ ሙሽሮች ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅና ታቦር ተራራ ላይ ተሰልፈው ሲነሱ ፎቶ ቤቶቹ የሚገጥማቸው ሒሳብ ይኼ ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ አንድ የሮው (ካሜራው ሳያቀናብር እንዳለ ያስቀመጠው) ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይመዝናል። 28 ብለን ብንይዘው 1,500 ፎቶ 42 ጊጋባይት ይሆናል። የአፕሎድ ፍጥነቱ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ነው እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሰከንድ የሚጫነው ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው። 42 ጊጋ ለመጫን ያለ አንዳች መቆራረጥ 23 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ተመርጠው የተስተካከሉት 400 ፎቶዎች በጄፔግ፣ እያንዳንዱ 8 ሜጋባይት ቢሆን፣ 3.2 ጊጋ ናቸው፤ በዚያው ፍጥነት 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ። ቪዲዮ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። በ100 ሜጋቢት የተቀረጸ 4ኬ ቪዲዮ በየደቂቃው 750 ሜጋባይት ይሆናል።

ሰው የፍጥነት መለኪያ ላይ የሚያየው ትልቁ ቁጥር የዳውንሎድ ነው። መታየት ያለበት ትንሹ፣ የአፕሎዱ ነው። በተለይ በሞባይል ዳታ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ።

ስለዚህ ክላውዱ ለተመረጠው ነው። ሮው ፎቶዎች በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጡ፤ አንዱ ፎቶ ቤቱ፣ ሌላው ሌላ ሰፈር፤ ሁለቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ከሆኑ ሌባ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ጭነቱ በብሮውዘር ከሆነ ገጹ መዘጋት ወይም ላፕቶፑ መተኛት ሥራውን ያቋርጠዋል። ከብሮውዘር ይልቅ የድራይቭ ዴስክቶፕ ፕሮግራም ይሻላል፤ ኔትወርክ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በፓወር ቅንብር ውስጥ ቻርጀር ላይ ሲሆን እንዳይተኛ ማድረግ አይረሳ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ራውተሩ ይጠፋል፤ ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ይህን ይፈታል። ወደ ስልክ ሆትስፖት የሚዞር ሰው ግን መጀመሪያ ሲንኩን፣ ማለትም ፋይሎች በራሳቸው ከክላውዱ ጋር የሚመሳሰሉበትን ሥራ፣ ፖዝ ያድርግ፤ ያለበለዚያ ጥቅሉ ሳያውቀው ያልቃል። ዊንዶውስ ላይ ሆትስፖቱን ሜተርድ (ዳታው የሚቆጠር መስመር) ብሎ ቢመዘግበው ዋንድራይቭ በራሱ ይቆማል። ድራይቭ ዴስክቶፕ በበኩሉ የአፕሎድ ፍጥነት የሚገደብበት ቅንብር አለው፤ ጭነቱ የቢሮውን ኢንተርኔት በሙሉ ሲውጥ የሚረዳው እሱ ነው።

ለሙሽሮቹ በሊንክ ሲሰጥም አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ትልቅ ፎልደር ከድራይቭ ሲወርድ 2 ጊጋ ገደማ በሆኑ ብዙ ዚፖች ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ተቀባዩ አንዱን ዚፕ ከፍቶ «ግማሹ ፎቶ የለም» ብሎ ይደውላል። ሁሉንም አውርዶ አንድ ቦታ ላይ መፍታት እንዳለበት ከሊንኩ ጋር መጻፍ ስልኩን ያስቀራል።

ሲንክ ባክአፕ አይደለም

ሲንክ የሚያደርገው አንድ ቦታ የተደረገውን ሌላውም ቦታ መድገም ነው። ስሕተትንም ይደግማል። ጉግል ፎቶስ ውስጥ የተሰረዘ ፎቶ ከስልኩም ይሰረዛል። ቫይረስ የቆለፈው ኤክሴል ከደቂቃዎች በኋላ ክላውዱም ላይ ተቆልፎ ይገኛል። መውጫው ጊዜ የተወሰነለት ነው፦ ድራይቭ ላይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የገባ ፋይል 30 ቀን ይቆያል፤ ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገውን 60 ቀን ያቆየዋል። የድሮ የወርድና የኤክሴል ቅጂዎች ደግሞ ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ ማኔጅ ቨርዥንስ በሚለው ስር ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 ቅጂ ድረስ ይቀመጣሉ። በ31ኛው ቀን ያስታወሰ ሰው የለውም።

የሒሳብ ባለሙያዎች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ነው። የኩባንያውን የዳታ ፎልደር እንዳለ ድሮፕቦክስ ወይም ድራይቭ ውስጥ አስገብቶ «ከሁለት ቦታ እንሥራ» ማለት መጨረሻው አያምርም። ፒችትሪ በርካታ የዳታ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ እየጻፈባቸው ነው የሚሠራው፤ የሲንክ ፕሮግራሙ አንዱን ከጠዋቱ፣ ሌላውን ከከሰዓቱ ሁኔታ ሊወስድ ይችላል። ሁለት ሰው ከከፈተው ደግሞ የመጨረሻው የመጀመሪያውን ይደመስሳል። የተበላሸው ዳታ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሪፖርት ሊወጣ ሲል፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ትክክለኛው አሠራር ዳታውን ከሥራ በኋላ በፕሮግራሙ የራሱ የባክአፕ ትዕዛዝ ወደ አንድ የፒቲቢ ፋይል ማስቀመጥ፣ ስሙ ላይ ቀኑን መጻፍና ያንን ፋይል ብቻ ወደ ክላውድ መጫን ነው። የሰሞኑን አሥር ያህል ማቆየት ይበቃል።

ሌላው ወጥመድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለ የሚመስለው ፋይል ነው። ድራይቭ ዴስክቶፕ ስትሪም በሚለው ሲሠራ፣ ዋንድራይቭም የደመና ምልክት ሲያሳይ፣ ስሙ ይታያል እንጂ ፋይሉ ዲስኩ ላይ የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ከመስክ ወይም ከስብሰባ በፊት የሚፈለገውን ፎልደር ኦፍላይን እንዲገኝ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም ዋይፋዩን አጥፍቶ አንድ ፋይል መክፈት፤ ተከፈተ ማለት አለ ማለት ነው። አዲስ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሳይጠየቅ ዴስክቶፕና ዶኩመንትስ ወደ ዋንድራይቭ ሲዛወሩ ይታያል፤ 5 ጊጋው በሳምንት ይሞላና ሲንኩ ይቆማል። ከዋንድራይቭ ቅንብር ውስጥ ማኔጅ ባክአፕን ከፍቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ከማጥፋት በፊት ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ መውረዳቸው ይረጋገጥ።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከስሕተት አይድኑም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንዳንድ የድራይቭ ዴስክቶፕ 84ኛ እትም ተጠቃሚዎች የወራት ፋይል ጠፍቶባቸው ጉግል መመለሻ መሣሪያ እስከ ማውጣት ደርሷል። የአገር ውስጡ ሁኔታም አለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ለሳምንታት ሲቋረጥ ክላውድ ላይ ብቻ የተቀመጠ ነገር ነበረ ማለትም አልነበረም ማለትም አስቸጋሪ ነበር። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ የሚለው የቆየ ደንብ እዚህ ከየትም በላይ ይሠራል። ክላውዱ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አማርኛው ሲበላሽ

በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ድራይቭ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚወከሉበት የጋራ ኮድ፣ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርፅ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ ፎንቱ በሌለበት ሁሉ ላቲኑ ይወጣል። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ከፍቶ ፒዲኤፍ አድርጎ ከዋናው ጎን መጫን እንዲነበብ ያደርገዋል፤ የሚታረም ሰነድ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

በኒያላ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍም ጉግል ዶክስ ውስጥ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል። መስመሩ ይረዝማል፣ 87 ገጽ የነበረው 93 ይሆናል፣ ማውጫው ከገጹ ጋር ይለያያል፣ ሠንጠረዡ ሁለት ገጽ ላይ ይቆረጣል። ኮፒ ቤት የሚሄደው ሁልጊዜ በራስ ኮምፒውተር ከወርድ የወጣ ፒዲኤፍ መሆን አለበት። ከማተም በፊት የገጽ ቁጥሩን ማመሳከር አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ 93 ገጽ አስጠርዞ መልሶ መቅደድ ግን ገንዘብ ነው።

የፋይል ስም ላይም ትንሽ ሥርዓት ያስፈልጋል። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳና አዋሳ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጸሐፊው በ«ጸ»፣ ፈላጊው በ«ፀ» ከጻፈ ፋይሉ እያለ «አልተገኘም» ይባላል። ቢሮው አንድ አጻጻፍ ይምረጥና ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። ቀን ሲጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል ቢሆን ፋይሎቹ ራሳቸው ይደረደራሉ። 2017-03-05 የሚለው ግን በኢትዮጵያ ኅዳር፣ በፈረንጅ ማርች ሊሆን ስለሚችል መጨረሻው ላይ «ኢት» ወይም «ፈረ» ይጨመር። በደብዳቤ ቁጥር ውስጥ ያለውን እዝባር ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ በሰረዝ ይተካ። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየተጨመረ ሙሉ አድራሻው 260 ፊደል ሲያልፍም ዊንዶውስ ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ፋይሉን መክፈት ያቅታቸዋል፤ አጭር ስም ይመረጥ።

15ቱ ጊጋ ሲሞላ

ጂሜይልም አብሮ ስለሚሞላ ኢሜይል መግባት ያቆማል፤ ብዙ ሰው የሚነቃው ያኔ ነው። ቦታውን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ የዋትስአፕ ባክአፕ ነው፤ አንድሮይድ ላይ ከኮታው መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል። በዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ ከባክአፑ ቪዲዮን ማስወጣት በአንድ ጊዜ ብዙ ጊጋ ይመልሳል። ቀጥሎ ድራይቭ ላይ ስቶሬጅ የሚለውን ሲከፍቱ ፋይሎች ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድረው ይመጣሉ። ጂሜይል ላይ በመፈለጊያው ማጣሪያ መጠኑ ከ10 ሜጋባይት የሚበልጠውን ማውጣት ይቻላል። የተሰረዘው ከመጣያው እስካልወጣ ድረስ ቦታው አይለቀቅም።

አካውንቱን መጠበቅ

በሰው ኮምፒውተር ላይ ከመግባት በኢንኮግኒቶ መስኮት መክፈትና ሲጨርሱ መስኮቱን መዝጋት ይሻላል። ሳይወጡ የሄዱ ከሆነ በስልክ የጉግል አካውንት ውስጥ ሴኩሪቲ የሚለው ስር ዩር ዲቫይስስን ከፍቶ የማያውቁትን መሣሪያ ማስወጣት ይቻላል። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲከፈት ጉግል ስምንት አኃዝ ያላቸው አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። እነዚህን ማተምና ከልደት ካርድ ጋር ማስቀመጥ ይገባል፤ ሲም የጠፋበት ሰው የሚገባባቸው እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ኮድ አንዴ ብቻ ይሠራል።

ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የጉግል አካውንት ከነፋይሉ ሊሰረዝ ይችላል። የዕድር ጸሐፊው የአባላቱን መዝገብ በራሱ ጂሜይል ከያዘ፣ ወይም የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ በአንድ ሰው አካውንት ከሆነ፣ ኢንአክቲቭ አካውንት ማኔጀር የሚባለውን ቅንብር መሙላት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ባለቤቱ 3፣ 6፣ 12 ወይም 18 ወር ድምፁ ሲጠፋ እስከ አሥር ለሚደርሱ፣ ራሱ ለመረጣቸው ሰዎች የትኛው ፋይል እንደሚደርሳቸው እዚያው ላይ ምልክት ያደርጋል። የተመረጡት ሰዎች ስልክ ቁጥር ሲመዘገብ የሚሠራና በራሳቸው ስም የወጣ መሆኑ ይጠየቅ፤ ፋይሉን ሲያወርዱ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደዚያ ነው።